“ስንት” የሚለው መልእክት የት ቀረ? በሲም800ኤል ሞጁል አማርኛ የመላክና የመቀበል የጉዳይ ጥናት

መሣሪያው የተሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ላለ አንድ ባለ አራት ፎቅ መኖሪያ ሕንጻ ነው። ጣሪያው ላይ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ተቀምጧል። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ የሕንጻው ጥበቃ ሮቶው ምን ያህል እንደቀረው ለማወቅ በቀን ብዙ ጊዜ ደረጃ መውጣት ነበረበት። የተፈለገው ቀላል ነገር ነው። ጥበቃው ከተራ ቀፎው “ስንት” ብሎ ሲልክ መሣሪያው “ሙሉ”፣ “ግማሽ” ወይም “ሩብ” ብሎ ከመቶኛው ጋር ይመልስለታል። ቀፎው ኢንተርኔት የለውም፣ የአማርኛ ፊደል ግን አለው። ስለዚህ አፕሊኬሽንም ድረ ገጽም ሳያስፈልግ ኤስኤምኤስ በቂ ነው። በመሣሪያው በኩል ኤስኤምኤሱን የሚልከውና የሚቀበለው ሲም ካርድ የሚገባበት ሲም800ኤል የተባለ ትንሽ ሞጁል ነው።

ችግሩ ሁለት ጊዜ መጣ። በመጀመሪያ መሣሪያው የሚልከው አማርኛ በቀፎው ላይ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ታየ። ይህ ከተስተካከለ በኋላ ደግሞ ለሙከራ “1” ብለው ሲልኩለት ያለማቋረጥ ይመልስ የነበረው መሣሪያ “ስንት” ሲባል አንዳንዴ ይመልሳል፣ አንዳንዴ ጭጭ ይላል። ይህ ጽሑፍ በተለይ የሚመረምረው ሁለተኛውን ነው፤ ምክንያቱም ጥፋቱ ከኔትወርኩም ከሞጁሉም አልነበረም።

ስለ አጻጻፉ አንድ ማሳሰቢያ። ሞጁሉ የሚታዘዘው “ኤቲ” ብለው በሚጀምሩ የጽሑፍ ትእዛዞች ነው። እዚህ ትእዛዞቹ የተጻፉት የላቲን ፊደሎቹ ስም በአማርኛ እየተጠራ ነው። “ኤቲ+ሲኤስኪው” ሲባል ኤ፣ ቲ፣ የመደመር ምልክት፣ ሲ፣ ኤስ፣ ኪው ማለት ነው። በኪቦርድ ሲተየቡ በትልቁ የላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ የእያንዳንዱ ትእዛዝ ማብቂያም ኮድ 13 የሆነው የመመለሻ ምልክት ነው።

ዕቃዎቹ እነዚህ ናቸው፦ አርዱዊኖ ኡኖ (ፕሮግራሙ የሚሠራበት ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ)፣ ሲም800ኤል ሞጁል ከነአንቴናው፣ ውሃ የማያስገባው ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ የርቀት መለኪያ፣ ኤልኤም2596 የቮልቴጅ መቀነሻ፣ 12 ቮልት 2 አምፔር አዳፕተር፣ 1000 ማይክሮፋራድ እና 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር፣ ሁለት ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር። መለኪያው ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ከሚደርስ ቅርበት ወዲህ ያለውን ስለማያይ ከሮቶው ሙሉ ወለል በላይ ያን ያህል ከፍ ብሎ መታሰር አለበት።

ከሶፍትዌሩ በፊት ኃይሉን መጨረስ ያስፈልጋል። ሲም800ኤል የሚሠራው ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ባለው ክልል ነው። 5 ቮልት ይበዛበታል፤ የአርዱዊኖው 3.3 ቮልት ደግሞ ያንሰዋል፣ አምፔሩም አይበቃውም። ሲያስተላልፍ በየ4.615 ሚሊሰከንዱ ለ577 ማይክሮሰከንድ እስከ 2 አምፔር ይስባል። ቀጭን የሙከራ ሽቦና የብሬድቦርድ ቀዳዳ ተደምረው 0.3 ኦም ቢሆኑ በዚያች ቅጽበት 0.6 ቮልት ይወድቃል፤ በ4.0 ቮልት የተሞላ መስመር 3.4 ይሆናል፣ ሞጁሉም ሊጠፋ ይችላል። “ትልቅ ካፓሲተር ጨምርበት” የሚለው የተለመደ ምክር ብቻውን አይበቃም። 1000 ማይክሮፋራድ ያን 2 አምፔር ለ577 ማይክሮሰከንድ ብቻውን ቢሸከም 1.15 ቮልት ይወርዳል። ስለዚህ መቀነሻው ሞጁሉ ከመገናኘቱ በፊት በመልቲሜትር 4.0 ቮልት ላይ ይስተካከላል፣ ወፍራምና ከ10 ሳንቲሜትር ያልበለጠ ሽቦ በቀጥታ ይበየዳል፣ ሁለቱ ካፓሲተሮች የሞጁሉ እግር ሥር ይቀመጣሉ። የአርዱዊኖው፣ የመቀነሻውና የሞጁሉ ኔጌቲቭ አንድ ላይ ይታሰራል።

ኃይሉ ደህና መሆኑን የሞጁሉ መብራት ይናገራል። በየሰከንዱ ገደማ ብልጭ ካለ ኔትወርክ እየፈለገ ነው። በየ3 ሰከንዱ ብልጭ ካለ ተመዝግቧል። ጥቂት ከፈለገ በኋላ ደጋግሞ ከመጀመሪያው የሚነሳ ከሆነ ሲም ካርዱን ከመጠርጠር በፊት ኃይሉን መፈተሽ ይሻላል።

የመረጃ መስመሩ የሚሠራው በ2.8 ቮልት ነው። ከአርዱዊኖው የሚወጣው 5 ቮልት በሁለቱ ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ተከፍሎ 2.5 ሆኖ ይገባል። በተቃራኒው አቅጣጫ ሞጁሉ የሚልከው 2.8 ቮልት በቀጥታ ወደ አርዱዊኖው ይሄዳል። በ5 ቮልት የሚሠራው የአርዱዊኖው ቺፕ አንድን ምልክት “1” ብሎ ለማንበብ ዋስትና የሚሰጠው ከ3.0 ቮልት ጀምሮ ስለሆነ ይህ ጠርዝ ላይ ያለ አሠራር ነው። በተግባር አብዛኛውን ጊዜ ያነባል። እንዲህ ዓይነት መሣሪያ እንደገና የሚሠራ ሰው ግን በ3.3 ቮልት የሚሠራ አርዱዊኖ ቢመርጥ ይህ ጥርጣሬ ጨርሶ ይወገድለታል።

የመጀመሪያው ንግግር አጭር ነው። “ኤቲ” ሲባል “ኦኬ” ይመልሳል። “ኤቲ+አይፒአር=9600” ፍጥነቱን ያጸናል፣ “ኤቲኢ0” ማስተጋባቱን ያቆማል፣ “ኤቲ&ደብሊው” ያስቀምጠዋል። “ኤቲ+ሲአርኢጂ?” ሲጠየቅ “0,1” ከመለሰ በራሱ ኔትወርክ ተመዝግቧል፤ “0,2” ገና እየፈለገ ነው፤ “0,3” ተከልክሏል። “ኤቲ+ሲኤስኪው” ከ0 እስከ 31 ያለ የምልክት ጥንካሬ ይሰጣል፤ ቁጥሩ በ2 ተባዝቶ 113 ሲቀነስበት በዲቢኤም ይሆናል። 10 ማለት ከዜሮ በታች 93 ዲቢኤም ነው። 99 ከመጣ መለካት አልቻለም። “ኤቲ+ሲኤምኢኢ=2” መጀመሪያ ላይ ቢሰጥ ስህተቶች በደረቁ “ኤረር” ከመባል ይልቅ ምክንያታቸው በቃላት ይጻፋል። ለፍለጋ ከዚህ የሚበልጥ ረዳት የለም።

አሁን ወደ አማርኛው። አርዱዊኖው ውስጥ የተጻፈ የአማርኛ ጽሑፍ የሚቀመጠው ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ፊደልን ወደ ባይት የመለወጫ ዘዴ ነው፤ አንድ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ሞጁሉ ግን ካልተነገረው በቀር የሚመጣለትን እያንዳንዱን ባይት አንድ የላቲን ፊደል ወይም ምልክት አድርጎ ያየዋል። “ሩብ” ሁለት ፊደል ነው፤ ለሞጁሉ ስድስት የማይያያዙ ምልክቶች ሆኑ። የመጀመሪያው ችግር ይህ ነበር።

መፍትሔው ሦስት ትእዛዝ ነው። “ኤቲ+ሲኤምጂኤፍ=1” የጽሑፍ ዘዴን ይመርጣል። “ኤቲ+ሲኤስሲኤስ="ዩሲኤስ2"” በአርዱዊኖውና በሞጁሉ መካከል እያንዳንዱ ፊደል በአራት አሃዝ የዩኒኮድ (ለዓለም ፊደሎች ቁጥር የሚሰጠው ሠንጠረዥ) ቁጥር እንዲጻፍ ያዛል። “ኤቲ+ሲኤስኤምፒ=17,167,0,8” ደግሞ መልእክቱ በኔትወርኩ ላይ በዩኒኮድ እንዲሄድ ያደርጋል። መጨረሻ ላይ ያለው 8 ነው ወሳኙ። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ትእዛዝ ይሰጥና ሦስተኛውን ይረሳል፤ ያኔ ሞጁሉ አማርኛውን ፊደሉ ወደሌለበት ባለ 7 ቢት ሠንጠረዥ ሊለውጥ ይሞክራል፣ ጽሑፉም ይጠፋል። 167 መልእክቱ ካልደረሰ ለ24 ሰዓት እንዲጠበቅ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቅንብሩ ይቀየር ይሆን ከማለት ሦስቱንም መሣሪያው በተነሳ ቁጥር መድገም ይሻላል።

የፊደላችን የዩኒኮድ አቀማመጥ ለዚህ ሥራ በጣም ይመቻል። ሠንጠረዡ እንደ ገበታው ነው። እያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል፤ ግዕዙ ከተነሳበት ቁጥር ላይ ካዕቡ 1፣ ሣልሱ 2፣ ራብዑ 3፣ ኃምሱ 4፣ ሳድሱ 5፣ ሳብዑ 6 ይጨምራል። ሰ 1230 ስለሆነ ስ 1235 ነው። ነ 1290 ነው፣ ን 1295። ተ 1270፣ ት 1275። “ስንት” ማለት 123512951275 ነው። “ሙሉ” 12191209፣ “ሩብ” 12291265። ቁጥሮቹ በአሥራ ስድስት መደብ የሚቆጠሩ መሆናቸውን ብቻ ማስታወስ ያስፈልጋል።

አርዱዊኖው ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ወደዚህ የሚለውጠው ስሌት አንድ መስመር ነው። ከመጀመሪያው ባይት 224 ተቀንሶ በ4096 ይባዛል፤ ከሁለተኛው 128 ተቀንሶ በ64 ይባዛል፤ ከሦስተኛው 128 ይቀነሳል፤ ሦስቱ ይደመራሉ። ስ የተቀመጠው 225፣ 136፣ 181 ሆኖ ነው። 4096 እና 512 እና 53 ሲደመሩ 4661፣ በአሥራ ስድስት መደብ 1235። ለሦስት ቋሚ መልሶች ግን ስሌቱንም መተው ይቻላል፤ ቁጥሮቹ በቀጥታ ቢጻፉ የአርዱዊኖው 2,048 ባይት ማስታወሻ ይቆጠባል።

ሲላክ የስልክ ቁጥሩም በዚሁ ኮድ መጻፍ አለበት። በ09 የሚጀምር ቁጥር 00300039 ብሎ ይጀምራል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ “ኤቲ+ሲኤምጂኤስ=” ከተባለ በኋላ ቁጥሩ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ይገባል፣ 13 ይላካል፣ ከዚያ የ“>” ምልክት እስኪመጣ ይጠበቃል። ምልክቱን ሳይጠብቁ ጽሑፉን ማፍሰስ የተለመደ ጥፋት ነው። “ሩብ 25” ለማለት 12291265002000320035 ይጻፍና ኮድ 26 ይዘጋዋል። ሐሳብ ከተቀየረ ወይም አንድ ነገር ከተበላሸ 27 ይሰርዘዋል። “+ሲኤምጂኤስ፦” ከነተራ ቁጥሩ፣ ከዚያም “ኦኬ” እስኪመጣ እስከ 60 ሰከንድ መታገሥ ያስፈልጋል። በ10 ሰከንድ ተስፋ ቆርጦ የሚደግም ፕሮግራም አንዱን መልስ ሁለት ጊዜ ይልካል፣ ሒሳቡም ሁለት ጊዜ ይቆረጣል። አንድ መልእክት በዩኒኮድ 70 ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው፤ በላቲን 160 ነበር። ስለዚህ መልሱ አጭር ሆኖ መቅረቱ ለገንዘብም ይበጃል።

መላኩ እንዲህ ተፈታ። መቀበሉ ግን አሁን ተበላሸ።

ፕሮግራሙ “ኤቲ+ሲኤንኤምአይ=2,2,0,0,0” የሚለውን ትእዛዝ ይጠቀም ነበር። ይህ የመጣው መልእክት ሲም ካርዱ ላይ ሳይቀመጥ ወዲያው ወደ አርዱዊኖው እንዲፈስ ያደርጋል። በመጀመሪያው መስመር የላኪው ቁጥርና ሰዓቱ፣ በሁለተኛው ጽሑፉ ይመጣል። አማርኛው ከመግባቱ በፊት እንከን አልነበረውም። ከገባ በኋላ ግን አንዳንዱ መልእክት ድምፁ ሳይሰማ ይቀራል።

የመጀመሪያው ግምት ኔትወርኩ ላይ ነበር። የመለኪያው ኮድ ተነቅሎ ከሞጁሉ የሚመጣውን እንዳለ ወደ ኮምፒውተር ብቻ የሚያሳልፍ ፕሮግራም ሲጫን ግን እያንዳንዱ “ስንት” ሙሉ ሆኖ ታየ። ኔትወርኩም ሞጁሉም ነጻ ወጡ። የመለኪያው ኮድ ሲመለስና አርዱዊኖው የተቀበለውን ሁሉ እንዲያትም ሲደረግ፣ የሚጠፉት መልእክቶች ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆረጡ ነበር፤ ከላኪው ቁጥር መዝጊያ ጥቅስ ቀጥሎ ካለው ነጠላ ሰረዝ ላይ። ሰዓቱ የለም፣ ጽሑፉም የለም።

ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆረጥ ነገር መቆጠር አለበት። የመስመር መክፈቻው 2 ምልክት ነው። “+ሲኤምቲ፦” የሚለው በላቲን ፊደል ከነክፍተቱና ከነመክፈቻ ጥቅሱ 7። በ+251 የሚጀምረው ቁጥር 13 ምልክት ነው፤ በዩኒኮድ ኮድ ሲጻፍ 52 ይሆናል። መዝጊያ ጥቅስና ነጠላ ሰረዝ 2። ድምሩ 63 ነው። አርዱዊኖው ከሞጁሉ ጋር የሚነጋገርበት ሶፍትዌር ሲሪያል የሚባለው ላይብረሪ የመጣውን ፊደል የሚያቆይበት ቋት 64 ቦታ አለው፣ ከነዚህ የሚሞሉት 63 ናቸው። ሲሞላ አሮጌውን ይዞ አዲሱን ይጥላል። የመልእክቱ ራስ ቋቱን ሞላው፤ ጽሑፉ ከኋላ የሚመጣ ስለሆነ የተጣለው እሱ ነው።

“1” ሲላክ ለምን ይሠራ እንደነበረም አሁን ግልጽ ነው። በላቲን ሠንጠረዥ ቁጥሩ 13 ምልክት ብቻ ይዞ፣ ሰዓቱም ጽሑፉም መዝጊያውም ተደምሮ ሙሉው 54 ነበር። ቋቱ ይበቃዋል። በዩኒኮድ “ስንት” ከነራሱ 104 ሆነ። ፕሮግራሙ ከመጀመሪያውም ትክክል አልነበረም፤ አጭር መልእክት ስለመጣለት ብቻ ይሠራ ነበር።

አንዳንዴ የሚመልሰውስ? በ9600 ፍጥነት አንድ ፊደል 1.04 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ 104ቱ ወደ 108 ሚሊሰከንድ። መለኪያው በየ2 ሰከንዱ አሥር ጊዜ ይለካል፣ በየመካከሉ 60 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል። በዚያ 600 ሚሊሰከንድ ውስጥ ቋቱን የሚያራግፍ የለም። መልእክቱ በዚያ መስኮት ከ66 ሚሊሰከንድ በላይ ከዋለ ይቆረጣል። ሒሳቡ ወደ 29 በመቶ ይመጣል። ከአሥር “ስንት” ሦስት ያህሉ ይጠፋሉ ማለት ነው። ሰው በእጁ አምስት ጊዜ ሞክሮ “ይሠራል” ብሎ ሊተወው የሚችል መጠን ስለሆነ ነው አደገኛ የሚያደርገው።

ሌላም ነገር አብሮ ታየ። ሶፍትዌር ሲሪያል አንድ ፊደል ሲቀበል ፕሮሰሰሩን ለአንድ ሚሊሰከንድ ገደማ ይይዘዋል። የአንድ ሜትር ርቀት ማሚቶ የሚፈጀው 5.8 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ልክ በዚያ ጊዜ መልእክት ከመጣ የማሚቶው ቆጠራ ያጥራል፣ ውሃው ካለበት ከፍ ብሎ የቀረበ ይመስላል። ባዶ ሮቶ “ሙሉ” የሚባልበት መንገድ ይህ ነው። ስለዚህ ከአሥሩ ልኬት አማካዩ ሳይሆን በመጠን ተደርድረው መሐል ያለው ተወሰደ።

ለቋቱ የቀረበው ቀላል መፍትሔ ላይብረሪው ውስጥ ያለውን 64 ወደ 256 መቀየር ነው። ይሠራል፣ ግን ላይብረሪው በታደሰ ቁጥር ይጠፋል፤ ሰው ረዥም መልእክት ቢልክም ይሞላል፤ አንድ የ70 ፊደል አማርኛ ብቻውን 280 ምልክት ነውና። የተመረጠው ሌላ ነው። “ኤቲ+ሲኤንኤምአይ=2,1,0,0,0” ሲባል መልእክቱ ሲም ካርዱ ላይ ይቀመጥና ለአርዱዊኖው የሚደርሰው “+ሲኤምቲአይ፦ "ኤስኤም",3” የሚል 17 ምልክት ያህል ማስታወቂያ ብቻ ነው። ይህ መቼም ቢመጣ ቋቱ ውስጥ ይጠብቃል። አርዱዊኖው ልኬቱን ጨርሶ ሲመለስ “ኤቲ+ሲኤምጂአር=3” ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱ እስኪያልቅ ሌላ ምንም ሳይሠራ እየተከታተለ ያነባል፣ ከዚያ “ኤቲ+ሲኤምጂዲ=3” ብሎ ያጠፋዋል። መቼ እንደሚፈስ የሚወስነው አሁን አርዱዊኖው ነው፤ የሚጠፋ መልእክትም አልቀረም።

ማጥፋቱ ከተረሳ ሌላ ጸጥታ ይመጣል። የማስታወቂያና የቦነስ መልእክቶች ሲም ካርዱን ቀስ በቀስ ይሞሉታል፤ ቦታ ሲያልቅ አዲስ መልእክት አይገባም። “ኤቲ+ሲፒኤምኤስ?” ስንት ቦታ እንደተያዘ ያሳያል። መሣሪያው ሲነሳ “ኤቲ+ሲኤምጂዲ=1,4” ብሎ ሁሉንም ጠርጎ መጀመሩ ይመረጣል። ለማስታወቂያ ላኪ ቁጥር መልስ እንዳይሰጥም የተፈቀዱ ቁጥሮች ዝርዝር አስፈለገ። ላኪው በ+251 ስለሚመጣና ሰው ግን ቁጥሩን በ0 ጀምሮ ስለሚያስገባ የሚነጻጸረው የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ አሃዞች ብቻ ነው፤ በኮዱ የመጨረሻዎቹ 36 ምልክቶች።

የቀረው ከፊደሉ ጸባይ የመጣ ነው። ጥበቃው “ስንት” ሊጽፍ ይችላል፣ “ሥንት”ም ሊጽፍ ይችላል። ለሰው አንድ ናቸው፣ ለሞጁሉ 1235 እና 1225 ናቸው። መሣሪያው ሰውን ስለ ሆሄ ሊያርም አይገባም፤ ስለዚህ ከማነጻጸሩ በፊት ሞክሼዎቹ ወደ አንድ ይመለሳሉ። በሠ ቤተሰብ ላይ 16 (በአሥራ ስድስት መደብ 10) ይደመራል፣ ሰ ይሆናል። ከሐ ቤተሰብ 16፣ ከኀ ቤተሰብ 128 ይቀነሳል፣ ሀ ይሆናል። ከዐ 48፣ ከፀ 8 ይቀነሳል፣ አ እና ጸ ይሆናሉ። ለ“ስንት” የመጀመሪያው ብቻ ይበቃ ነበር፤ ሌላ ቃል ሲጨመር ግን አብረው ስላሉ አያስቸግሩም። ክፍተት 0020፣ ሁለት ነጥብ 1361፣ አራት ነጥብ 1362፣ የጥያቄ ምልክት ፧ 1367 ይጣላሉ። ከዚያ መልእክቱ በ123512951275 ከጀመረ በቂ ነው፤ “ስንት ነው” ያለውም መልስ ያገኛል። ለአማርኛ መጻፊያ ለሌለው ቀፎ “1”፣ ማለትም 0031፣ እንደቀድሞው ተትቷል።

“ሞተሩን አስነሳ”፣ “አቁም” የሚሉ ትእዛዞች እንዲጨመሩ ተጠይቆ ነበር። ሆን ተብሎ ቀርቷል። ኤስኤምኤስ አንዳንዴ በሰከንድ ይደርሳል፣ አንዳንዴ በሰዓታት ይዘገያል፤ የዘገየ “አስነሳ” ማንም ሳያስበው ደረቅ ሞተር ሊያዞር ይችላል። ሞተሩን የሚያቆመው ሮቶው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ሞጁሉ ለጥያቄ ብቻ ይመልሳል።